በጀጎል የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ፦ ስለ አስጎብኚው አገልግሎት

ለድሬዳዋ ሰው ሐረር ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለሠርግ የሚሄድባት እንጂ አስጎብኚ ቀጥሮ የሚዞርባት ከተማ አይደለችም። እኔም ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ባይኖሩኝ ኖሮ ለዚህ ጉዞ ገንዘብ ባልከፈልሁ ነበር፤ አሁን ግን አገልግሎቱ ከነጉድለቱ ዋጋውን ያወጣል እላለሁ።

የአስጎብኚው ብልኃት ጀጎልን፣ ማለትም በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን የሐረር ከተማ፣ በገበያዎቿ በኩል ማስረዳቱ ነው። «መጋላ» በሐረሪዎች ቋንቋ ገበያ ማለት መሆኑን ነግሮን ከፈረስ መጋላ ተነሣን፤ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ አምስቱ በሮች ቀን ነጋዴውን ከየአቅጣጫው እየተቀበሉ ማታ ማታ ይዘጉ እንደነበር እያወራን በጠባቦቹ መንገዶች ወሰደን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከጠቀሳቸው 82 መስጊዶች ጥቂቶቹን በደጃቸው አለፍን።

መኪና ግርግር ላይ ግን ቆምን። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። አንዲት እናት ከሱቅ ያስቆረጡትን ጨርቅ ደጅ ለተቀመጠው ልብስ ሰፊ ሰጥተው፣ ቁመታቸውን አስለክተው ወደ ጊዲር መጋላ ወረዱ፤ ሥጋና ቅመማቸውን ይዘው ሲመለሱ ልብሱ ተጣጥፎ ጠበቃቸው። ከሁሉ ይልቅ እንግዶቼን ያስደነቃቸው ይህ ነው።

ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ተራራውን ሳይወጣ እኛ ዘንድ በመቅረቱ የሐረር ንግድ መቀዝቀዙን ሲናገር አስጎብኚው ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። የድሬዳዋ ልጅ መሆኔን ነግሬው ስለነበር መልስ አልነበረኝም።

ቅር ያሰኘኝ የጊዜ አመዳደቡ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ለንግድ መጥቶ በሐረር መኖሩ እውነት ቢሆንም፣ በስሙ በሚጠራው ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ ፎቶግራፍ ስናይ ቆይተን ለጊዲር መጋላ የተረፈን አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። በመጨረሻ የገባንበት ባህላዊ የሐረሪ ቤት ግን ካሠናል፤ ቀይ አፈር በተቀባው መደብ ላይ ተቀምጠን፣ ግድግዳውን የሞሉትን ስፌቶች እያየን፣ ከቡና ገለባ በወተት የተፈላ ሆጃ ጠጣን። የቤቱ መግቢያ ከአስጎብኚው ክፍያ ውጭ መሆኑ የተነገረን በሩ ላይ ስለሆነ፣ ሂሳቡን ስትነጋገሩ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የራምቦን ቤት ደግሞ በግማሽ ሰዓት እንዲጨርስላችሁ ንገሩት።