ጎሮ ላይ ሁለት ቅዳሜ የወሰድኩት የሱፐርቫይዘር ስልጠና

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የላይን ሱፐርቫይዘር ነኝ። በአንድ መስመር (ላይን) ተደርድረው የሚሰፉ 32 ኦፕሬተሮች አሉኝ። ራሴም ከማሽን ላይ ነው የተነሳሁት። «የሠራተኛን ጠንካራ ጎን ማሳደግ» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አየሁና ከኪሴ 2,800 ብር ከፍዬ ተመዘገብኩ።

ቦታው ጎሮ ነው። ወሩ ሐምሌ ስለነበር ከአስፋልቱ ወረድ ሲባል ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። አዳራሹ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ አይሠራም። ቡናው ግን አንደኛ!

የመጀመሪያው ቅዳሜ ባከነ። አሰልጣኙ ጋሉፕ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ተሰጥኦን በ34 የከፈለበትን ዝርዝር፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ አንድ በአንድ አነበበልን። የራስን ተሰጥኦ ማወቂያው መጠይቅ 177 ጥያቄ አለው። እኛ አንዱንም አልሞላንም። አጠገቤ የነበረው የመጋዘን ኃላፊ «እኔ ስንተኛው ነኝ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሰልጣኙ አልሳቀም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሌላ ሰው የመጣ ነው የመሰለኝ። ወረቀት አደለንና የሠራተኞቻችንን ስም ወደ ታች፣ የሥራውን ዓይነት ወደ ጎን አስጻፈን። ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኪስ፣ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ ስፌት)። ይሄን ስኪል ማትሪክስ እኛም ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ ኦዲት ካልመጣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እሱ ግን አንድ ዓምድ አስጨመረን፦ «ማንም ሳያዛት የምትሠራው ምንድን ነው?» እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ከ32 ሰው የ11ዱን ብቻ ሞላሁ። ስድስት ዓመት አብረውኝ የሠሩ አሉ እኮ።

ሰኞ ላይኑን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ኦቨርሎክ ላይ ቀርፋፋ የሆነች አዲስ ልጅ ነበረችኝ። በአዋጅ 1156/2011 የተፈቀደው 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜዋ ሳያልቅ ላሰናብታት አስቤ ነበር። ለካ የምትዘገየው ከእሷ በፊት ያለችው የሰፋችውን እየገለበጠች ስለምታይ ነው። የዘለለ ስፌት ካገኘች ድምጿን ሳታሰማ ትመልሳለች። ኪውሲ (ጥራት ተቆጣጣሪ) አደረግኳት። ከመጨረሻው ክፍል፣ ከፊኒሺንግ፣ የሚመለስብን ልብስ ቀነሰ።

ሌላዋ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸብኝ። ኪስ የምትሰፋ ጎበዝ አለችኝ፤ ማስተማር ትችልበታለች። ሁለት አዲሶች አጠገቧ አስቀመጥኩ። በሦስት ሳምንት እጃቸው ፈታ። የእሷ ቁጥር ግን ወረደ፤ ታርጌት (መስፋት ያለባትን ብዛት) አልሞላችምና የወሩ ቦነስ ቀረባት። ድሮ አብረን ማሽን ላይ ስለነበርን አትፈራኝም። «ጎበዝ ነሽ እያልሽ ኪሴን አራቆትሽው» አለችኝ። አፌ ተያዘ።

አሰልጣኙ ጋ ደወልኩ። «እሱን ከኤችአር ጋር ተነጋገሩ» ብሎ ዘጋው። ወንድሜ፣ በቀን ታርጌት ሠርተህ ታውቃለህ? የሰው ጉብዝና የት እንዳለ ማየት አስተማርከኝ፣ አመሰግናለሁ። ያ ጉብዝና ሥራ ላይ ሲውል ከማን ደመወዝ እንደሚቀነስ ግን በሁለት ቅዳሜ አንዴም አላነሳህም።

ከአምስት ሦስት ኮከብ፤ ሦስቱም ለሁለተኛው ቅዳሜ ናቸው። የምትሄዱ ከሆነ ቦት ጫማ አድርጉ፣ የሠራተኞቻችሁንም ስም ዝርዝር ያዙ። እኔ ኪስ ሰፊዋ ያስተማረችባቸው ሰዓታት ከታርጌቷ እንዲቀነሱላት ለኤችአር ደብዳቤ አስገብቻለሁ። እስካሁን መልስ የለም።