ዘጠኝ ወር ከኪራይ ሰርቨር ጋር

የበግና የእህል ዋጋ የምንለጥፍበት ድረ ገጽ አለን። የምንሠራው ደብረ ብርሃን ሆነን ነው፣ እኔና የእህቴ ልጅ። በአዘቦት ቀን ጭር ያለ ነው። የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ግን አንዱ የቴሌግራም ቻናል ሊንኩን ይለጥፈዋል፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰው ይጎርፋል። ባለፈው እንቁጣጣሽ በጋራ ሆስቲንግ ላይ ነበርን፣ ማለትም አንዱን ሰርቨር ከብዙ ድረ ገጾች ጋር እየተጋራን። ዋዜማውን ሙሉ ነጭ ገጽ ላይ «503»፣ ማለትም «አሁን ማስተናገድ አልችልም»፣ ሲያሳይ ዋለ።

በኅዳር ቪፒኤስ፣ ማለትም ከትልቅ ሰርቨር ተከፍሎ ለብቻችን የሚሰጥ ድርሻ፣ ተከራየን። 2 ጊጋባይት ራም፣ አንድ ፕሮሰሰር፣ በወር 12 ዶላር፣ ቦታው ፍራንክፈርት። አሁን ነሐሴ ነው። የአከራዩን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ሰርቨሩን ስንይዝ ተገላገልን ብለን ነበር። የገና ዋዜማ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ዘጭ አለ። ጋቢ ተከናንቤ ላፕቶፑ ላይ ተደፋሁ። ዳታቤዙን አስነሳዋለሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይሞታል። የሰርቨሩን መዝገብ (ሎጉን) ሳነበው ገዳዩ የሰርቨሩ ስርዓት፣ ሊኑክስ ራሱ ነው። ራም ሲያልቅበት ብዙ የያዘውን ፕሮግራም መርጦ ይዘጋል፣ እኛ ቤት ደግሞ ወፍራሙ ዳታቤዙ፣ ማይኤስኪውኤል ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር። ገጾቹን የሚያዘጋጀው ፒኤችፒ በአንድ ጊዜ እስከ 50 ሠራተኛ (እያንዳንዱ አንድ ሰው የሚያስተናግድ) እንዲያሰማራ ፈቅጄለታለሁ። ድረ ገጻችን በተሠራበት ዎርድፕረስ ላይ አንዱ ሠራተኛ 60 ሜጋባይት ገደማ ራም ይበላል። 50 በ60 ሲባዛ 3 ጊጋባይት ነው፣ ያለን 2! ቁጥሩን 15 አደረግኩት። የተረፈው ሰው ትንሽ ወረፋ ይጠብቅ፣ ሁሉም ከሚወድቅ ይሻላል።

ለውጡን ያመጣው ግን ካሽ ነው፣ ማለትም የተዘጋጀን ገጽ አስቀምጦ ደግሞ ማቅረብ። ዎርድፕረስን ዝም ካላችሁት ለእያንዳንዱ እንግዳ አዲስ ምጣድ ይጥዳል። እንግዳውን መጀመሪያ የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ኤንጂንኤክስ ላይ ካሽ ስንከፍት ገጹ አንዴ ይጋገራል፣ ከዚያ ለሚመጣው ሁሉ ከሞሶቡ እየተነሳ ይቀርባል። ፒኤችፒም ዳታቤዙም አይነኩም። ይህን ኅዳር ላይ ባውቅ ኖሮ ምናልባት ባለ 1 ጊጋባይት ራሙ ሰርቨር ይበቃን ነበር።

ካሽም ጣጣ አለው። መጀመሪያ የተቀመጠው ገጽ ሁሉ ሳይታደስ አንድ ሰዓት እንዲቆይ አደረግኩት። ከመሐል ሜዳ አንድ የበግ ነጋዴ ደወሉ። «ልጄ፣ ገበያው ተለውጦ ካለቀ በኋላ ነው እንዴ የምትነግረን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዋጋ ገጹን ወደ አንድ ደቂቃ አወረድኩት። አንድ ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በዚያች ደቂቃ አንድ ሺህ ሰው ቢመጣ ዳታቤዙ የሚጠየቀው አንዴ ነው። ነጋዴዎች በይለፍ ቃል የሚገቡበትን ገጽ ፈጽሞ ካሽ አታድርጉ፣ የአንዱን ገጽ ለሌላው ታሳያላችሁ።

ሁለተኛው ሸክም ፎቶ ነበር። ከስልክ በቀጥታ የተጫነ የመንዝ በግ 4 ሜጋባይት ይመዝናል። አንድ ገጽ ላይ አሥራ ሁለቱ ሲደረደሩ 48 ሜጋባይት፣ ያውም በሰው የሞባይል ዳታ። ዌብፒ ወደሚባለው ቀላል የፎቶ ዓይነት ቀይረን ስፋቱን ስንቀንስ አንዱ ከ150 ኪሎባይት በታች ሆነ። ፎቶዎቹን ክላውድፍሌር፣ በእኛ ሰርቨርና በጎብኚው መካከል የሚቆም አገልግሎት፣ በነጻው አማራጩ ከራሱ ካሽ ያቀርባቸዋል። ገጹን ራሱን ግን ካላዘዛችሁት አይዝም፣ እኔ ሁሉንም የሚይዝ መስሎኝ ብዙ ተታልያለሁ።

ፋሲካ ሲቃረብ ኬ6 በሚባለው መሣሪያ 300 ሰው እንደመጣ አድርገን ሞከርነው። ከቤት አትሞክሩት፣ ቀድሞ የሚጨናነቀው የቤታችሁ ኢንተርኔት ነው። እኛ ለአንድ ሰዓት ሌላ ሰርቨር ተከራየን፣ ዋጋው ከሳንቲም አይዘልም። የፋሲካ ዋዜማ ራሱ ያለ ወሬ አለፈ። እኔ እንደውም ገበያ ወርጄ በግ ስከራከር ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታው። በመጋቢት አከራዩ ሳይነግረን ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሳው፣ ዳታቤዙም በራሱ አልተነሳም። ለጻፍኩት መልስ የመጣው በማግስቱ ነው፣ እሱም «ውስጡ ያለው የእርስዎ ኃላፊነት ነው» የሚል። ባክአፕም (የመጠባበቂያ ቅጂ) በተጨማሪ ክፍያ ነው። ክፍያው ራሱ ፈተና ነው፣ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍልልናል። ዶላር በ57 ብር ገደማ ይታሰብ በነበረበት ጊዜ ይህ ሒሳብ አይከብድም ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን የወሩን 12 ዶላር ወደ ብር ስመታው ቡናዬ ይቀዘቅዛል።

ለማን ይሆናል? ሊኑክስ የማያስፈራው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይከራየው። ከሌለ የጋራ ሆስቲንጉ ላይ ሆናችሁ በካሽ ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ በሚጨመር ፕሮግራም) እና በፎቶ ማሳነስ ጀምሩ፣ ግማሹን መንገድ ይወስዳችኋል። እኛ ለአንድ ዓመት አድሰናል። እንቁጣጣሽ ሳምንታት ቀርተውታል፣ ቅዳሜ ማታ በ500 ሰው እንሞክረዋለን።