ጀርባውን ለጣና የሰጠ ሕንፃ

መሥሪያ ቤታችን ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ በተሠራ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ሰባተኛው ፎቅ ላይ ቢሮ ተከራይቶ አንድ ዓመት ሠርተንበታል። የሕንፃውን ስም አልጠቅስም፤ አከራዩ ግን «ለአካባቢ ተስማሚ» እያለ ስለሚያስተዋውቀው፣ ቃሉ ለሠራተኛው ምን ያህል እንደሚሠራ ለቀጣይ ተከራዮች መጻፍ ተገቢ መስሎኛል።

የሕንፃው ችግር ከአቀማመጡ ይጀምራል። ከተማችን በጣና ደቡባዊ ዳርቻ የተቆረቆረች በመሆኗ ሐይቁ ያለው በስተ ሰሜን ነው፤ ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅም ቀዝቃዛው ነፋስ የሚመጣው ከዚያው ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ የሰሜን መስኮት ያለ ሙቀት ብርሃን ይሰጣል፤ ከቀሩት አራት ወራትም አብዛኛው ደመናማ ክረምት ነው። ሕንፃው ግን ይህን ወገን ለመጸዳጃ ቤት፣ ለደረጃና ለዕቃ ማከማቻ ሰጥቶ፣ ሰማያዊ መስታወቱን በምዕራብ በኩል ወደ አስፋልቱ አዙሮታል። አላፊ አግዳሚው እንዲያየው መሆኑ ነው።

በመጋቢትና በሚያዝያ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ፣ ከመስኮቱ በላይ የወጣው አጭር ጥላ አንዳች አይከላከልም። መስታወቱ ላይ ካርቶን ለጠፍን፤ ክፍሉ ስለጨለመም በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተን መሥራት ጀመርን። መስኮቶቹ የማይከፈቱ በመሆናቸው ከምሳ በኋላ ራስ ምታትና ድብታ ይይዘን ነበር፤ መጀመሪያ የቡና ሱስ ነው ብለን ተሳስቀንበታል። ይሁን እንጂ ከቤት ውጭ ባለው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ሲሆን፣ ሰው በታጨቀበት ዝግ ክፍል በቀላሉ ከ1000 ያልፋል፤ ይህም ክፍሉ በቂ ንጹሕ አየር እንደማያገኝ ምልክት ነው። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ሊፍቱንና አምፖሉን እንጂ ኤሲውን አያስነሳም።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ማነስ ያመጣው አይመስለኝም። አርክቴክቱ ኬን ያንግ በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማሌዥያ ውስጥ በተጠናቀቀው ሜናራ ሜሲንያጋ በተባለው የቢሮ ሕንፃ ሊፍቱን፣ ደረጃውንና መጸዳጃ ቤቱን ፀሐይ በሚበረታበት በምሥራቅ በኩል አድርጎ፣ ሙቀቱ ቢሮዎቹ ጋ እንዳይደርስ ከልሎበታል። ሐራሬ የሚገኘውና በ1996 የተከፈተው ኢስትጌት የተባለው የቢሮና የሱቅ ሕንፃ ደግሞ ግዙፍ የኮንክሪት አካሉን በሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር እያበረደ ቀኑን ያሳልፋል። እንደ ሐራሬ ሁሉ በከፍታ ላይ ያለችው ባሕር ዳርም ቀዝቃዛ ሌሊት አላጣችም። እዚህም ግድግዳውና ክፍሎቹ ያው ሆነው ቦታ ብቻ ቢለዋወጡ በቂ ነበር።

ለሕንፃው የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም፦ የጣራው የዝናብ ውኃ ገንዳ ውስጥ ተጠራቅሞ ለመጸዳጃ ቤት ይውላል፤ ክረምታችን ለዚህ ይበቃል። መግቢያው ላይ የተደረደሩት የአበባ ማሰሮዎች ግን ከጌጥነት አያልፉም።

ከሁሉ የሚደንቀው፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ምርጡ ቦታ ደረጃው መሆኑ ነው። በሰሜን በኩል የሚከፈት መስኮት ስላለው ሠራተኛው ሁሉ እረፍቱን እዚያ ቆሞ፣ ሐይቁን እያየ ያሳልፋል፤ አንዳንድ ስብሰባዎቻችንንም እዚያው ጨርሰናል።

ሊከራይ የሚያስብ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ሄዶ ይመልከተው። አከራዩ ለእኛ ያሳየን ጠዋት በሦስት ሰዓት ነበር።