«የክረምት ግሪን ሃውስ» ሙሉ ፓኬጅ ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊት

ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላላችሁ፣ በተለይ በዘንዘልማ፣ በሰባታሚትና በመሸንቲ በኩል ትንሽ ቦታ ይዛችሁ ቲማቲም ለማልማት ላሰባችሁ። «በክረምት አትክልት የሚያመርት ሙሉ ግሪን ሃውስ» እየተባለ የሚሸጥ ፓኬጅ አለ። ላስቲክ፣ የፒቪሲ ቱቦ ቅስት፣ ጠብታ መስኖ፣ «ሃይብሪድ» የተባለ ዘር፣ ቤት ውስጥ ለሚያለሙ ደግሞ ሐምራዊ መብራት ይዟል። ሻጮቹ ከዋጋው ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ቅድሚያ ይጠይቃሉ። ያንን ብር ከማስገባታችሁ በፊት ረጋ ብላችሁ ይህን አንብቡ። ተበድራችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ችግሩ የሚጀምረው «ክረምት» ከሚለው ቃል ነው። የቤቱ ንድፍ የመጣው ክረምት ማለት ብርድ ከሆነበት አገር ነው። ሆላንድ ውስጥ በታህሳስ ቀኑ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ሙቀት እንዳያመልጥ ቤቱ ድፍን ሆኖ ይሠራል። እኛ ጋ በታህሳስና በጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድም ቀኑ 26 እና 27 ይደርሳል። ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ሰላጣ ሜዳ ላይ ያምራሉ፤ ላስቲክ አያስፈልጋቸውም። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። በዓመት ከሚዘንበው ወደ 1,400 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ቲማቲሙን የሚጨርሰው እርጥበት ነው፣ ድፍን ቤት ደግሞ እርጥበትን አፍኖ ይይዛል።

በሐምሌ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ብትገቡ የላስቲኩ ጣሪያ ከውስጥ በኩል ጠብታ አዝሎ ታገኙታላችሁ። ጠብታው እየከበደ ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፣ ቅጠሉም እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት አይደርቅም። ገበሬው ምች፣ ባለሙያው ሌት ብላይት የሚለው በሽታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ አየርና ለረጅም ሰዓት የረጠበ ቅጠል። መጀመሪያ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይታያል። ቅጠሉን ስትገለብጡት በነጠብጣቡ ዙሪያ ስስ ነጭ ሻጋታ አለ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት ይበቁታል፤ ቤቱ ሙሉ ይጠቁራል። ሻጩ ጋ ስትደውሉ «መድኃኒት ርጩ» ትባላላችሁ። ቅጠሉ በየሌሊቱ እስከረጠበ ድረስ ግን ርጭት ብቻውን አይመልሰውም።

በበጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ውጭው 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ብቻ የሆነ ድፍን ቤት በቀላሉ ከ40 ያልፋል። የቲማቲም የአበባ ብናኝ ከ35 ዲግሪ በላይ ይመክናል። አበባው ይረግፋል፣ ተክሉ ግን ለምለም ሆኖ ይቆያል። ብዙ ሰው የማዳበሪያ እጥረት ይመስለውና ዩሪያ ይጨምርበታል፤ የሚያተርፈው ቅጠል ብቻ ነው።

ለጣና ዳር የሚሆነው ቤት የዝናብ ጣሪያ ነው። ከላይ ላስቲክ፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ወይም በነፍሳት መረብ የተሸፈነ፣ የጎኑ ቁመት ከ2.5 ሜትር የማያንስ፣ ጣሪያው ሾጠጥ ያለ፣ ቢቻል ጫፉ ላይ የአየር መውጫ ያለው። ዙሪያውን ቦይ፣ ውስጡን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ከፍ ያለ መደብ። መረሬ አፈር ላይ ላላችሁ መደቡና ቦዩ ከላስቲኩ ይቀድማሉ። 40 ሚሊሜትር ዝናብ 120 ካሬ ጣሪያ ላይ ሲወርድ 4,800 ሊትር ውሃ ነው፤ መሄጃ ካላበጃችሁለት ተመልሶ ሥሩ ላይ ይተኛል። ጣሪያው ለጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ላስቲኩ ላይ ይቋጥርና ቅስቱን ይሰብራል።

ወደ ላስቲኩ እንምጣ፤ ትልቁ ማጭበርበር ያለው እዚህ ነው። «200 ማይክሮን፣ ዩቪ» ይላሉ፤ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው፣ ዩቪ ማለታቸው ደግሞ ፀሐይ እንዳያፈራርሰው መከላከያ አለው ነው። ውፍረቱን በጣት ዳብሶ ማወቅ አይቻልም፣ ሚዛን ግን አይዋሽም። 200 ማይክሮን የግሪን ሃውስ ላስቲክ አንድ ካሬ ሜትሩ ወደ 184 ግራም ይመዝናል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አስቆርጣችሁ በአቅራቢያችሁ ባለ ሱቅ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡት። 110 ግራም ካለ 120 ማይክሮን ነው የሸጡላችሁ። ሙሉ ጥቅል ከሆነ 6 በ50 ሜትሩ ያለ ካርቶኑ ወደ 55 ኪሎ መምጣት አለበት። 33 ኪሎ ከመጣ መልሱት።

ዩቪውን ግን ሚዛንም ዓይንም አይለየውም። ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ምንም ማረጋገጫ አይደለም፣ ቀለም ማንም ይጨምራል። ትክክለኛው ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ላይ የአምራቹ ስም፣ ውፍረቱና ስንት ወር ፀሐይ እንደሚችል ታትሞበታል። ያ ከሌለ ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል፣ መጀመሪያ የሚቀደደውም ቅስቱን በነካበት መስመር ነው።

ስለ ቅስቱም ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ፒቪሲ ላስቲኩን በነካበት ቦታ ሁሉ ዕድሜውን ያሳጥራል፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ክሎሪን የዩቪ መከላከያውን ይጎዳል። ድኝ ያለበት መድኃኒት አዘውትሮ መርጨትም እንዲሁ። ጋላቫናይዝድ ብረት ወይም የተላጠ ባሕር ዛፍ ይሻላል። ብረት ከሆነ ላስቲኩ የሚያርፍበትን ጎን ነጭ ቀለም ቀቡት፤ ፀሐይ ያጋለው ብረት ላስቲክ ያቃጥላል።

የቤት ውስጥ መብራቱ በአጭሩ፦ «1000 ዋት» የተጻፈባቸው ርካሽ ሐምራዊ መብራቶች ብዙዎቹ የሚስቡት 100 ዋት አካባቢ ነው። ቆጣሪያችሁ ላይ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 1000 ወይም 1600 የሚል ቁጥር አለ፤ ትንሿ መብራት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ነው። ቤት ያለውን ሁሉ አጥፍታችሁ እሱን ብቻ አብሩና 6 ደቂቃ ቁጠሩ። 1000 በሚለው ቆጣሪ እውነተኛ 1000 ዋት 100 ጊዜ ብልጭ ያደርጋታል፤ 10 ጊዜ ብቻ ካለች የገዛችሁት 100 ዋት ነው። ደግሞስ ለምን? ባሕር ዳር አጭሩ ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት በላይ ነው። ለሰላጣና ለበሶብላ ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ይበቃል።

ዘሩ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሮማ ቪኤፍን የመሰለ ቁጥቋጦ ቲማቲም ለግሪን ሃውስ ብለው ይሰጣሉ። እሱ እድገቱ የተወሰነ ነው፤ በሲባጎ እየወጣ ለወራት አይለቀምም፣ ለሜዳ ግን ጥሩ ዘር ነው። ሁለተኛ፣ የሜዳ ኪያር በመረብ በተዘጋ ቤት ንብ ስለማይደርሰው ፍሬ አይዝም፤ ያለ ንብ የሚያፈራውን ዓይነት ጠይቁ። የታሸገበት ቀን የሌለው ፓኬት አትቀበሉ፣ ያለውንም 20 ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሞክሩት፤ በሳምንት 16 ካልበቀለ ይቅርባችሁ።

«ከ100 ካሬ 600 ተክል፣ ከአንዱ 20 ኪሎ» የሚል ስሌት ካሳዩአችሁ እናንተም አስሉት። 12,000 ኪሎ ነው፣ በካሬ 120። የሆላንድ ባለ ማሞቂያ የመስታወት ቤት ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ከ50 እስከ 70 ኪሎ አካባቢ ነው የሚያገኘው። ደግሞ በካሬ 6 ተክል ማጨቅ ምችን በገዛ እጅ መጥራት ነው፤ ሁለት ተኩል በቂ ነው።

ውል ከተፈራረማችሁ የላስቲኩ ማይክሮንና ወር፣ የቅስቱ ዓይነት፣ የጎኑ ቁመት፣ የአየር መውጫው ስፋት፣ የጠብታ መስኖው ማጣሪያ በቁጥር ይጻፉ። የሐይቅ ውሃ ያለ ማጣሪያ ቀዳዳዎቹን በጥቂት ሳምንታት ይደፍናቸዋል። የመጨረሻውን ክፍያ ከተገጠመ በኋላ አንድ ከባድ ዝናብ እስኪያልፍ አቆዩት፣ ደረሰኝም ሳትቀበሉ ብር አታስገቡ። «ምርቱን ከእናንተ እኛው እንገዛለን» የሚለው ቃል ዋጋና ቀን ካልተጻፈበት እንደሌለ ቁጠሩት።

ድፍኑን ቤት አስቀድማችሁ ለገዛችሁ፦ ዛሬውኑ በሁለቱም ጎን ላስቲኩን ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ተኩል ጠቅልላችሁ ወደ ላይ እሰሩት፣ በሁለቱም ጫፍ ያሉትን በሮች ክፈቱ። የታችኛውን ቅጠል እስከ 30 ሳንቲ አጽዱ፣ ምች የነካውን አውጥታችሁ ቅበሩ። ውሃ ጠዋት ብቻ፣ ሥር ላይ ብቻ። አበባ ላይ ከሆነ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ሲባጎው የታሰረበትን ሽቦ መታ መታ አድርጉት፤ ንፋስ ባልደረሰው ቤት አበባው ብናኙን የሚያራግፈው በዚህ ነው።