ተንቀሳቃሹ ኢኢጂ ማሽናችን ከወራት በኋላ

ደብረ ማርቆስ በምሠራበት ክሊኒክ ይህን የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግብ፣ ባለ 21 ኤሌክትሮድ (ራስ ላይ የሚለጠፍ መቀበያ) ማሽን መጠቀም ከጀመርን ወራት አልፈዋል። ሻጩ ሲያወራልን የነበረው ስለ አውቶማቲክ ማንበቢያው ነው። እኔ የወደድኩት ግን የገጹን ፍጥነት፣ ማለትም አንድ ገጽ ስንት ሰከንድ እንደሚይዝ፣ በአንድ ቁልፍ መቀየር መቻሉን ነው።

ለምን መሰላችሁ? የተለመደው ገጽ 10 ሰከንድ ይይዛል። በየሰከንዱ ገደማ የሚደጋገም ሹል ሞገድ በዚህ ገጽ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ሞገዱ በአንድ ወገን፣ ከጆሮ በላይ ካለው ክፍል ከመጣና ታካሚው ትኩሳትና መደናገር ካለው፣ በኸርፒስ ቫይረስ የሚመጣ የአንጎል ብግነት ይጠረጠራል። በሁለቱም ወገን ከሆነ ስለ ጉበቱ፣ ስለ ኩላሊቱና ስለሚወስደው መድኃኒት እንጠይቃለን። በሰከንድ ከ2.5 በላይ ከፈጠነ ደግሞ ነገሩ በዚያው ሰዓት የተነሳ የሚጥል ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙን ሮጠን እንጠራለን።

ተንኮለኛው ኩፍኝ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ልጆች ላይ የሚመጣው የአንጎል በሽታ ነው። ትልልቆቹ ሞገዶች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከ4 እስከ 10 ሰከንድ እየቆዩ ነው። በ10 ሰከንድ ገጽ አንዱን ወይም ሁለቱን ብታዩ ነው፤ ድግግሞሹ አይገለጥም። ገጹን 30 ሰከንድ ስታደርጉት ግን ተራርቀው ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ።

አውቶማቲክ ማንበቢያውን ተዉት። የልብ ምቱን ሳይቀር «ተደጋጋሚ ሞገድ» ብሎ በቀይ ያሰምርበታል። ስለዚህ የልብ ምትን የሚመዘግበውን የኢሲጂ ገመድ ደረት ላይ ሳንለጥፍ አንጀምርም። ሹሉ ሁልጊዜ ከልብ ምት ጋር እኩል ከወደቀ ከአንጎል የመጣ አይደለም።

ከመብራት መስመር የሚመጣውን ረብሻ የሚያስወግደው ማጣሪያ ሲመጣ 60 ኸርዝ ላይ ነበር። የእኛ መብራት 50 ነው። ካልቀየራችሁት ገጹ ድፍን ጥቁር ይሆናል።

ሌላው ቅቤ ነው። የጎጃም ራስ ቅቤ ይወዳል፣ ኤሌክትሮድ ግን አይወድም። «እማማ፣ ነገ ሲመጡ ፀጉርዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ቅቤም አይቀቡ» ማለት የዕለት ሥራችን ሆኗል። ደግነቱ ማሽኑ በደንብ ያልያዘውን ኤሌክትሮድ በቀይ መብራት ያሳያል።

መብራት ሲጠፋ ባትሪው አንድ ምርመራ ያስጨርሳል። ቀድሞ የሚሞተው ላፕቶፑ ነው።

ያስመረረን የኤሌክትሮድ ገመዱ ነው፤ አንገቱ ላይ ቶሎ ይበጠሳል። ሻጩም «ይመጣል» እንዳለ ነው። የምትገዙ ካላችሁ መለዋወጫ ገመዶቹን ከማሽኑ ጋር በእጃችሁ ሳትቀበሉ አትፈርሙ።