የወረቀት ካርታን በሳተላይት ምስል ላይ መደረብ፦ ኪውጂአይኤስና ጉግል ኧርዝ ፕሮ ከ8 ወር በኋላ

ኪውጂአይኤስ (የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም) እና ጉግል ኧርዝ ፕሮ (የሳተላይት ምስል ማሳያ) ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። የደብረ ብርሃንን፣ የአንኮበርንና የደብረ ሲናን አካባቢ የሚያሳዩ የቆዩ የ1:50,000 ካርታዎችን ለመደረብ 8 ወር ጎን ለጎን ሠርተዋል። ማገጣጠሙ ለኪውጂአይኤስ፣ ማሳየቱ ለጉግል ኧርዝ ይሁን።

የጉግል ኧርዝ «ኢሜጅ ኦቨርሌይ» ምስሉን ይስባል፣ ያዞራል፣ ይለጥጣል፤ የተጨማደደ ወረቀትን ግን አያቃናም። መሐሉ ሲገጥም ጠርዙ ይስታል። ለአንድ ቀበሌ ንድፍ ይበቃል፣ ለሙሉ ካርታ አይሆንም።

በኪውጂአይኤስ ሥራው የሚበላሸው ዳተም (የካርታው ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ) ላይ ነው። ካርታዎቹ የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም፣ ዩቲኤም (በሜትር የሚቆጠር የፍርግርግ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ሲሆን የኢፒኤስጂ ኮዱ 20137 ነው። የፍርግርጉን ቁጥር እያነበቡ 32637 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ዳተም፣ የደብሊውጂኤስ 84 ኮድ) ብለው ካስገቡ ካርታው ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሸሻል። የደብረ ብርሃኑ የበሬሳ ድልድይ ከወንዙ ርቆ ከታየ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ። ወደ ደብሊውጂኤስ 84 የመቀየሪያ ዝርዝር ሲመጣም ለኢትዮጵያ የተዘጋጀውን ምረጡ።

ካርታውን በስልክ ካሜራ አታንሱት፤ ሌንሱ ጠርዙን ያጎብጠዋል። በ300 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ 1 ፒክስል መሬት ላይ 4.2 ሜትር ገደማ ነው። ጂኦሪፈረንሰር (ካርታውን ከቦታው የሚያገጣጥመው መሣሪያ) ከኪውጂአይኤስ 3.26 ወዲህ ከራስተር ወደ ሌየር ሜኑ ተዛውሯል። የ1 ኪሎ ሜትር ፍርግርግ መስቀለኛዎች ላይ ከ9 እስከ 12 ነጥብ ትከሉ፤ አራቱ ማዕዘኖች አይቅሩ። ከማገጣጠሚያ ስሌቶቹ ለደህና ወረቀት ፖሊኖሚያል 1፣ ታጥፎ ለኖረ ፖሊኖሚያል 2 ይሻላል። «ቲን ፕሌት ስፕላይን» የተባለው ሌላው ስሌት የስህተቱን መጠን ዜሮ አድርጎ ስለሚያሳይ ብዙ ሰው ይወደዋል። ዜሮው ግን የተተከሉት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ካርታው ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነጥብ ሳትጠቀሙባቸው አስቀሩና መጨረሻ ላይ በእነሱ አመሳክሩ። ከ2 እስከ 3 ፒክስል ልዩነት ጥሩ ውጤት ነው።

ማመሳከሪያ መምረጥ እዚህ አገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቤተ ክርስቲያን በቀላሉ ይታያል፤ ነገር ግን አዲሱ ሕንፃ ከአሮጌው አጠገብ ስለሚሠራ ምልክቱ በአሥር ሜትሮች ሊዛነፍ ይችላል። የጣርማበር የመኪና መንገድ ዋሻ ሁለት አፎች ግን አይንቀሳቀሱም። ገደል ጫፍ ላይ ሳተላይት ምስሉ ራሱ ስለሚንሸራተት፣ እዚያ የሚታይ ልዩነት ሁሉ የካርታው ጥፋት አይደለም።

ለታብሌት የኪውጂአይኤስ «ጀነሬት ኤክስዋይዜድ ታይልስ» ካርታውን ታይል በሚባሉ ትናንሽ ካሬ ምስሎች ከፋፍሎ በአንድ ኤምቢታይልስ ፋይል ያወጣል፣ ኪውፊልድም (የኪውጂአይኤስ የመስክ መተግበሪያ) ያለ ኔትወርክ ይከፍተዋል። በዚህ ኬክሮስ ዙም (የማጉያ ደረጃ) 15 ላይ 1 ፒክስል 4.7 ሜትር ስለሆነ ከስካኑ ጋር ይቀራረባል። 16 ለዓይን ይመቻል። 17 አዲስ ዝርዝር ሳይጨምር የታይሎቹን ቁጥር ከ16ቱ አራት እጥፍ ያደርገዋል።