የወይራ፣ የዋንዛና የጥድ ዋሽንት፦ ሱሉልታ ላይ በበጋም በክረምትም ከነፋኋቸው በኋላ

ዋሽንት ሊገዛ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የየትኛው እንጨት ድምፅ ይሻላል?" ብሎ ነው። መልሴ "ድምፁን ተወውና እንጨቱ እንዴት እንደሚያረጅ ጠይቅ" የሚል ነው።

ሦስት ዋሽንት አሉኝ፤ አንዱ የወይራ፣ አንዱ የዋንዛ፣ አንዱ የጥድ። ሦስቱንም የሠራቸው አንድ ባለ ቶርኖ ነው። ርዝመታቸው፣ የውስጥ ስፋታቸውና የአራቱ ቀዳዳዎች ቦታ እኩል ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እየነፋኋቸው አሁን ሐምሌ ገብቷል።

ከእንጦጦ ጀርባ የኖረ ሰው አየሩን ያውቀዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ፀሐይ ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ የታጠበ ልብስ አልደርቅ ብሎ ያሰለቻል። እንጨት ይህን መፈራረቅ አይወድም። በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። መኮማተሩም በሁሉም በኩል እኩል አይደለም፤ በዕድገት ቀለበቱ አቅጣጫ ያለው ከመሀል ወደ ልጣጩ ካለው እጥፍ ያህል ይሆናል። ክብ ሆኖ የተሰረሰረ ቱቦ ውሎ አድሮ ሞላላ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የድምፁን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ጆን ኮልትማን የሚባል አሜሪካዊ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ቅርጻቸው አንድ የሆነ የብር፣ የመዳብና የእንጨት ፍሉቶችን አወዳድሮ ነበር። አድማጮቹ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ነፊዎቹም የያዙትን እንዳያውቁ ሲደረግ አልለዩም። እኔም ባለቤቴን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ትዝታ እየነፋሁ ሦስቱን አቀያየርኩባት። "ይሄማ ጥዱ ነው፣ ለስላሳ ነው" ያለችው ወይራውን ነበር። ድምፅ የሚሠራው ውስጥ ያለው አየር ነው። ልዩነት የሚያመጣው የቱቦው ስፋት፣ የውስጡ ልስላሴ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትንፋሹ የሚመታው ጠርዝ ነው። እንጨቱ የሚመዘነው እነዚህን ጠብቆ በማቆየቱ ነው።

በዚህ ሚዛን ወይራ ጎበዝ ነው። ከባድና ጠንካራ ስለሆነ የመንፊያው ጠርዝ እስካሁን እንደተሠራ ነው። ግን ጸባዩ ክፉ ነው። ሲደርቅ መሰንጠቅ ይወዳል። አዲስ ሳለ ለረጅም ሰዓት መንፋት አይገባም፤ ውስጡ በትንፋሽ ርሶ ሲያብጥ ውጩ እንደደረቀ ይቀርና ይተረትረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ነፍቼ ማስቀመጥ ነበር ሥራዬ። እንዲያም ሆኖ ታኅሣሥ ላይ የታችኛውን ጫፍ ወደ መብራት ሳዞረው ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ። ከጫፉ ተነስታ ወደ መጨረሻው ቀዳዳ ስትሄድ መንገድ ላይ ቆማለች። ሰም በተቀባ ክር አጥብቄ ጠመጠምኩት። ሰኔ ላይ እርጥበቱ ሲመጣ መስመሯ ጠፋች። ክሩን ግን አልፈታሁም፤ ተገጣጠመች እንጂ አልተጠገነችም። በጋ ሲመለስ ትከፈታለች።

ዋንዛው ምንም አልሆነም። በቃ። ቀላል ነው፣ እጅ አያደክምም፣ ክብነቱን አልለቀቀም። ጠርዙ ከወይራው ትንሽ ቢያረጅም በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት አንዴ ዳበስ ማድረግ ይበቃዋል። እንጨቱ የተገኘው ከፈረሰ አሮጌ በር ነው፤ ለዓመታት የደረቀ እንጨት ደግሞ ለዋሽንት የሚመረጠው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበርና፣ ባለሙያውን "እንጨቱን ከየት አመጣኸው?" ማለት ነውር የለውም።

ጥዱን አልመክርም። ሽታው ደስ ይላል፤ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። ግን በእንጨቱ መስመር ተከትሎ ቶሎ ይተረተራል፣ እርጥበት ሲነካው ውስጡ ይሻክራል፣ የእኔን ከንፈር ደግሞ ያሳክካል።

ከሱቅ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውንም ሞክሬያለሁ። ውስጡ ድረስ ቫርኒሽ ተቀብቶ ነበር፤ በትንፋሹ እርጥበት እየተላጠ ቅርፊቱ ከንፈሬ ላይ መጣ። ሻጩ "ውጩን እንጂ ውስጡን ማን ያያል" አለኝ። እኔ ግን የምነፋው በውስጡ ነው።

ወደ እንክብካቤው። ነፍተው ሲጨርሱ ቀጭን ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ አስገብቶ ማድረቅ ግድ ነው። ከሰል አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። ክረምት ላይ ፌስታል ውስጥ ከታሸገ ይሻግታል፤ የጨርቅ ከረጢት ይሻላል። ዘይት የሚቀባው እንጨቱ ፈጽሞ ደርቆ ሳለ ነው፤ በስሱ ተቀብቶ፣ አድሮ፣ የተረፈው ይወለወላል። እኔ የተልባ ዘይት እጠቀማለሁ፤ አየር ሲያገኝ ይደርቃል። የወይራ ዘይት አይደርቅም፣ ሲያጣብቅ ይኖራል። ቅቤ ይበላሻል፤ ዋሽንቱን አፍ ላይ እንደምናደርገው አይረሳ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ማለዳ ላይ ከክራር ጋር ለምትጫወቱ ደግሞ፦ በዋሽንቱ ውስጥ ያለው አየር ከነበረበት 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ከቀዘቀዘ ድምፁ የሰሚቶን (በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎኑ ያለው ቁልፍ ያለው የድምፅ ርቀት) ሲሦ ያህል ይወርዳል። እዚህ ሰፈር "ከፍታው ነው" የሚል አለ፤ ቅዝቃዜው እንጂ ከፍታው አይደለም። ክራሩን ከመቃኘታችሁ በፊት ዋሽንቱን ጋቢ ውስጥ አሙቁት።

ስትገዙ አንድ ጫፉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን እዩ። ቀለበት ቀለበት የሠራ የመሰርሰሪያ ምልክት ካለ ይለስልስላችሁ ዘንድ እዚያው ጠይቁ። የጀማሪ ልጅ ከሆነ ግን የቀርከሃው ይበቃዋል፤ ርካሽ ነው፣ ቢሰበርም ሌላ ይገዛል። ቀጥሎ ዋንዛ። ወይራን በየቀኑ የሚነፋና በየጊዜው የሚንከባከበው ሰው ይግዛው።